በደቦ ዐጨዳ ላይ የሚደረግ የዘፈን ፉክክር

ደቦ ማለት አንድ ገበሬ በቤተ ሰቡ ጉልበት ብቻ በጊዜው ሊፈጽመው የማይችለውን ሥራ ጎረቤቶቹንና ዘመዶቹን ጠርቶ የሚያሠራበት ልማድ ነው። ከወንፈል የሚለየውም በዚህ ነው፤ በወንፈል ጥቂት ሰዎች ተራ ገብተው ጉልበታቸውን ቀን በቀን ይበዳደራሉ፤ በደቦ ግን ጠሪው ለመጡት ሁሉ ምግብና ጠላ ያቀርባል እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ቀን ቈጥሮ አይመልስም። ደመወዝ የለም፤ አዛዥም የለም። እንግዲህ ይህን ያህል ሰው ያለ ክፍያና ያለ አለቃ ቀኑን ሙሉ ተባብሮ እንዲሠራ የሚያደርገው ምንድር ነው? ከመልሶቹ አንዱ በዐጫጆች መካከል የሚደረገው የዘፈን ፉክክር ነው።

ፉክክሩ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ገጠሮች ይልቁንም በጤፍ ዐጨዳ ወራት የታወቀ ነው። ጤፍ ከደረሰ በኋላ ቢዘገይ ፍሬው ስለሚረግፍ ሥራው አጣዳፊ ነው። ዐጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው በእርሻው ዳር በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ሰው የበዛ እንደ ሆነ መስመሩ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ ወይም ጎረምሶችና ጎልማሶች እየሆኑ ይለያሉ። እያንዳንዱ ወገን አንድ አውራጅ አለው፤ የቀሩት ተቀባዮች ናቸው። አውራጁ ግጥሙን ያወጣል፤ ተቀባዮቹም አዝማቹን በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ዜማው ሲፈጥን እጅ ይፈጥናል፤ ሲዘገይም ይዘገያል። ስለዚህ አውራጁ የሥራውን ፍጥነት የሚመራ ሰው ነው፤ ነገር ግን ማንም አልሾመውም።

ግጥሙ አጭር ነው፤ ቤቱን መምታት፣ ለተቃራኒው ወገንም መልስ መሆን ይገባዋል። ጎበዙ ይወደሳል፤ ያላጠራውን እየተወ የሚያልፈው ሰነፍ ይነቀፋል፤ የጠሪው ጠላ ቀጥኖ እንደ ሆነም ይነገራል። የተነቀፈው ሰው ቢቈጣ ተሸነፈ ማለት ነው፤ መልሱን መስጠት የሚችለው በግጥም ወይም በማጭዱ ነው። በሌላ ቀን ቢነገር ጠብ የሚያነሣ ቃል በዚያ መስመር ላይ በዘፈን ሲነገር ይታለፋል።

ለዚህ ውድድር የተቀመጠ ዳኛ የለም፤ መለኪያው ግን ለሁሉ ግልጽ ነው። አውራጁ መልስ ያጣ ወገን ተረቷል፤ መስመሩ ወደ ኋላ የቀረበትም እንዲሁ። እየዘፈነ የሚዘገይ ይሣቅበታል፤ ዝም ብሎ የሚቀድምም ሙሉ ምስጋና አያገኝም። ሽልማቱ ስም ነው፤ ስሙም ጥቅም አለው። በሰው እርሻ ላይ በብርታቱ የታወቀ ሰው ነገ እርሱ ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት አያጣም። ስስት የተዘፈነበት ጠሪ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሰው ሊያጣ ይችላል።

የዚህ አሠራር ጠባይ ከሌላ ጋራ ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በቀበሌዎች፣ በፋብሪካዎችና በመሥሪያ ቤቶች የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው በዘፈንና በውዝዋዜ ይወዳደሩ ነበር። በዚያ ግን ሠራተኛው ለመዝፈን ሥራውን ትቶ መድረክ ይወጣል፤ የሚፈረድለትም በድምፁ ብቻ ነው። በገጠርም የመሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ በተመሠረቱት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባሉ ሥራ በነጥብ ይመዘገብ ነበር። መንግሥት በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ባወጀ ጊዜ ገበሬዎች በብዙ ቦታ ማኅበራቱን አፈረሱ። በደቦ አንድ የነበረው ፍርድ በዚያ ዘመን ለሁለት ተከፍሎ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዘፈኑ ለመድረክ ዳኛ፣ ሥራውም ለመዝገብ ሆነ። በአርሲና በባሌ የስንዴ እርሻዎች ደግሞ የማጨጃ መኪና በገባበት ስፍራ የዐጫጆች መስመር ስለ ሌለ የመስመሩ ፉክክርም የለም።

ከዚህ የተነሣ የደቦ ዘፈን የሚሰበስብ ተማሪ ግጥሙን ከአውራጁ ቤት ተቀምጦ ቢጽፍ ግማሹን ብቻ ያገኛል። ማን ከማን ወገን እንደ ቆመ፣ ግጥሙ በተባለ ጊዜ የትኛው መስመር ቀድሞ እንደ ነበር፣ የተነቀፈውስ በምን እንደ መለሰ አብሮ ሊጻፍ ይገባዋል። ቃሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከታጨደው ጤፍ ጋራ ነውና።