ያለቀ ታሪክ እንደገና ሲጀመር፦ የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞች ዳግም ሥራ

የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ታዋቂ የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞችን ደጋግመው የሚሠሩበት ልማድ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው የቀድሞውን ታሪክ በአዲስ ተዋንያን መልሶ መቅረጽ፣ ማለትም ድጋሚ ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው እየተከታተሉ የወጡትን ክፍሎች ወደ ጎን ትቶ ስሙንና ዓለሙን ብቻ በመያዝ ከመነሻው መጀመር፣ ማለትም ዳግም ጅማሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» በ2001 የመጀመሪያው፣ በ2011 ደግሞ ሁለተኛው ዕጣ ደርሶታል።

ልማዱን የሐሳብ ድርቀት አድርጎ ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ የጃክ ፊኒ ልብወለድ ታሪክ ይህን ፍርድ ለመቀበል አስቸጋሪ ያደርገዋል። ከሕዋ የመጡ ፍጥረታት የሰውን መልክ ወስደው ስሜት አልባ ግልባጭ የሚተኩበት ይህ ታሪክ በ1956፣ በ1978፣ በ1993 እና በ2007 ለፊልም በቅቷል፤ የመጀመሪያው የቀዝቃዛው ጦርነት ሥጋት መግለጫ ተደርጎ ሲታይ፣ ሁለተኛው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛውሮ የከተሜውን መራራቅ፣ ሦስተኛው የጦር ሰፈርን ሥርዓት፣ አራተኛው የወረርሽኝን ፍርሃት ይዞ መጥቷል። የ1987ቱን «ሮቦኮፕ» በ2014 የደገመው ፊልም በአንጻሩ የቀዳሚውን መራራ ስላቅ ጥሎ ጥሩሩን ብቻ ያስቀረ ነው።

ከጥበቡ ይልቅ ድግግሞሹን የሚያበዛው የስም ባለቤትነት ነው። ዲዝኒ በ2012 ሉካስፊልምን በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ ዋናው ሀብት ተመልካች አስቀድሞ የሚያውቀው የ«ስታር ዋርስ» ስም ነበር፤ በ2015 የወጣው ክፍልም ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ብርቅ ስለሆነ የሚደገም ነገር እምብዛም የለም። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ዳንኤል ታደሰን መሪ ተዋናይ አድርጎ በአገሪቱ የሠራውና በ2015 ለዕይታ የቀረበው የአማርኛ ፊልም «ክረምብስ» ግን ጉዳዩን በአሽሙር ይነካዋል፤ በፈረሰው ዓለም የቀሩት ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊትንና የማይክል ጃክሰንን ሸክላ እንደ ንዋየ ቅድሳት ይይዛሉ። የሆሊውድ ዳግም ሥራ ትችት ከዚህ የተሻለ ቀልድ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

አገርኛው ዳግም ሥራ የሚገኘው በሌላ ዘርፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ ተሰምቶ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል፤ ስለሆነም አዲሱ ሥራ የሚመዘነው ከመጽሐፉ ጋር ብቻ ሳይሆን አድማጭ በጆሮው ካኖረው ድምፅ ጋር ጭምር ነው። ሕጉ በበኩሉ ለዚህ ትዝታ ቦታ የለውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ራሱን ባይጠብቅም፣ ሥራን ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥን መብት ለደራሲው ይሰጣል፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. በመሆኑ፣ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ የልብወለዱን ዋና ገጸ ባሕርያት በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደገና ለመድረክም ሆነ ለካሜራ ለማቅረብ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የባለመብቶቹን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል።