ከፀሐይ አፍ የሚነጠቅ ውሃ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው የሳን ሉዊስ ሸለቆ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ ግን በዓመት 180 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢጥል ነው። ድንቹም ገብሱም የሚበቅለው ከተራሮቹ ቀልጦ በሚወርድ በረዶና ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ነው።

የሸለቆው ሰሜናዊ ክፍል ዝግ ተፋሰስ ነው። ወንዝ ይገባል እንጂ አይወጣም፤ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀረው። ውሃው ዝቅተኛው ሜዳ ሥር፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ይተኛል። ከዚያ ፀሐይ በአፈሩ ቀዳዳ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ግሪስውድ የሚባለው ቁጥቋጦም በረጅም ሥሩ ይመጠዋል። የሚተርፈው ጨው ብቻ ነው፤ ሲረግጡት ከጫማ ሥር የሚፈረካከስ ነጭ ቅርፊት።

ኮሎራዶ ደግሞ ዕዳ ነበረባት። የሪዮ ግራንዴን ወንዝ ከኒው ሜክሲኮና ከቴክሳስ ጋር የምትካፈለው እ.ኤ.አ. በ1938 በተፈረመ ውል ነው። ለታችኞቹ የምትለቀው ውሃ ከውሉ እያነሰ ሲሄድ በ1966 ሁለቱ ግዛቶች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሷት። የተቆለለው ዕዳ ከአንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ደርሶ ነበር። ኮንግረስ በ1972 የፈቀደው የዝግ ተፋሰስ ፕሮጀክት የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው፦ 170 ጉድጓዶች፣ ውሃቸውን ወደ ሪዮ ግራንዴ የሚያደርስ 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ቦይ። (የቆየውን ዕዳ የሰረዘው ግን ፓምፕ አይደለም። በ1985 በወንዙ ታችኛ ክፍል ያለው የኤለፋንት ቢዩት ግድብ ሞልቶ ሲፈስ በውሉ መሠረት ዕዳው ተሻረ።)

«170 ጉድጓድ» ሲባል ብዙ ሰው ከመሬት በታች አዲስ ሐይቅ የተገኘ ይመስለዋል። ይህን ስህተት ከገበሬ ይልቅ የሚደጋግሙት ሪፖርት ጸሐፊዎች መሆናቸው ያበሳጫል። አዲስ ውሃ የለም። ፓምፑ የሚሠራው የውሃውን ወለል ዝቅ ማድረግ ነው፤ ወለሉ የአፈሩ እርጥበትና የቁጥቋጦው ሥር ከማይደርሱበት ሲወርድ ትነቱ ይቀንሳል። ዳነ የሚባለው ያ የቀረው ትነት ብቻ ነው። ቁጥቋጦው እንደ ልቡ እየጠጣ ፓምፑም ቢስብ፣ የሚወጣው ከተከማቸው ወይም ከጎረቤት ድርሻ ነው። የጎረቤትን ጎተራ ከፍቶ «ከነቀዝ አዳንኩልህ» እንደማለት ይሆናል።

ስለዚህ አቃጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሊትር ይወጣል?» ብሎ አይደለም፤ «ወለሉ ስንት ሲወርድ ስንት ትነት ይቆማል፣ መውረዱስ እነማን ደጅ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ፕሮጀክቱን የፈቀደው የ1972ቱ ሕግም ይህንኑ ይዟል፦ ከፕሮጀክቱ ክልል ውጭ ቀድመው የነበሩ የመስኖና የቤት ጉድጓዶች ውሃ በፕሮጀክቱ ምክንያት ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ መውረድ የለበትም። ይህ የሚታወቀው በመከታተያ ጉድጓዶች ነው፤ ማንም ፎቶ የማያነሳቸው፣ ጎብኚ የማይጠይቃቸው ቀጫጭን ቱቦዎች። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ እነሱን መቀነስ የሚያምረው ኃላፊ የትም አይጠፋም። «ባክኖ ይቀር ነበር» የሚባለው ውሃም ጠጪ አለው፤ ለዚህ ነው ሕጉ በአላሞሳና በብላንካ ላሉት የአእዋፍ ረግረጎች በዓመት 6.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የመደበው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የ1938ቱ ውል ነው። ፈራሚዎቹ ኮሎራዶ አንድ ቀን ከዝግ ተፋሰሱ ውሃ ታመጣ ይሆናል ብለው አስቀድመው አስበዋል፤ ጨው እንዳታቀርብላቸውም ተጠንቅቀዋል። ውሃው በሊትር ከ350 ሚሊ ግራም በላይ የሟሟ ነገር ካለበት፣ ከአዎንታዊ አዮኖቹ የሶዲየም ድርሻ ከ45 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ አለዚያ ለኮሎራዶ አይቆጠርላትም። ለምን ሶዲየም ተለይቶ? ሲበዛ ሸክላውን ይበታትነዋል፣ የአፈሩ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ መስኖው ላይ ላዩን ቆሞ ይቀራል። በዚህ የተነሳ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ጨዋማው ከጣፋጩ ጋር ቦዩ ውስጥ እንዲደባለቅ ማመጣጠን ያስፈልጋል።

ጨውን ያሰበ ሰነድ ባክቴሪያን ግን አላሰበም። ጉድጓዶቹ ውሃ በሚያስገቡበት ወንፊት ላይ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ዝገት መሳይ አተላ ይጋግራሉ፤ ፓምፑ እየሠራ ውሃው ያንሳል። ከ2002ቱ ድርቅ ወዲህ የሸለቆው ውሃ ራሱ ስለወረደ ከቁጥቋጦው የሚነጠቀውም ቀንሷል፤ ወንዙ የሚደርሰው ከመጀመሪያው ዕቅድ እጅግ ያነሰ ነው። የዕቅድ ሰነድ የሚያዘጋጁ መሐንዲሶች ለፓምፕ ምርጫ ገጾች ሰጥተው ለጉድጓድ ማጽጃ አንድ መስመር ይበቃዋል ሲሉ፣ ሳን ሉዊስን ቢያዩ ይሻላቸዋል፦ እዚያ በአተላ የተደፈኑ ጉድጓዶች በመድኃኒት ታጥበው አልመለስ ሲሉ እንደገና ተቆፍረዋል።