ለሥጋ የተወሰነ ሰዓት

ከላስ ቬጋስ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ አውራ ጎዳና 95 ከቀለበት መንገዱ 215 ጋር በሚገናኝበት አካባቢ የሚገኘው ሴንቴኒያል ሂልስ፣ ሰፋ ያለ ቤትና ጸጥ ያለ ሰፈር ለሚሻ ሠራተኛ ሁሉ የተመቸ ቦታ ነው። ነገር ግን የብዙው ነዋሪ እንጀራ የሚገኘው ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ካዚኖና ሆቴል በተደረደሩበት ስትሪፕ በተባለው ጎዳና ወይም በሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ በኩል ስለ ሆነ፣ ሠራተኛው ለአሠሪው ከሚሰጠው ሰዓት በላይ ለመንገዱም ሌላ ግብር ይከፍላል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚተርፈውም ጊዜ ለልጆቹና ለእንቅልፉ እንኳ የሚበቃ አይደለም። በዚህች ከተማ ኑሯቸውን የመሠረቱት ኢትዮጵያውያን በትጋታቸው ታውቀው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር ንግድ ቤቶቻቸው የሚበዙበትን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። ይሁን እንጂ ያው ትጋት ቤት ሲያሠራና ልጅ ሲያስተምር፣ በጎን ደግሞ ቦርጭን፣ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ሳይጠሩት አስከትሎ እንደሚገባ ከሠራተኛው መካከል የማያውቅ የለም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር፣ በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። የታክሲ ሹፌሩ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሰዓት በሚፈጀው ሺፍቱ መሪ ጨብጦ ይውላል ወይም ያድራል፤ መኪናው ብዙ ይጓዛል እንጂ እርሱ አይጓዝም። የካዚኖ ዲለሩ በበኩሉ ካርታ እያደለ ቆሞ ይውላል፤ መቆም ግን እግርን ያደክማል እንጂ ልብንና ሳንባን አያሠራም። የሆቴል ክፍል የምታጸዳው እናት ደግሞ ፍራሽ ስታነሣና ጋሪ ስትገፋ ውላ ወገቧን ይዛ የምትመለስ ስለ ሆነች፣ «እንቅስቃሴ አድርጊ» ቢሏት በምክሩ ብትስቅ አይፈረድባትም። ሦስቱም ደክመዋል፤ ድካማቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህም መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

የመቀመጥን ጉዳት በማስረጃ አስደግፎ ለዓለም ያሳወቀው ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ነበር። ይህ ሊቅ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች መርምሮ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ተቀምጦ የሚነዳው ሹፌር፣ በዚያው አውቶቡስ ውስጥ ትኬት እየቆረጠ በቀን 600 ያህል ደረጃ ከሚወጣው ባልደረባው ይልቅ በልብ ሕመም አብዝቶ እንደሚጠቃ አሳየ። ቆየት ብሎም የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ሲመለከት፣ ሹፌሮቹ ገና ከመነሻው ወገባቸው የሰፋ መሆኑን ስላገኘ፣ ነገሩ በአንድ ምክንያት ብቻ የሚፈታ እንዳልሆነ ራሱ አመለከተ፤ ሆኖም መንቀሳቀስ የልብ ጠባቂ መሆኑ ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ብዙ ምርመራዎች ጸንቷል። የእኛም የታክሲ ሹፌር፣ በሰባ ዓመት ልዩነትና በሌላ ክፍለ ዓለም ቢሆንም፣ የተቀመጠው በዚያው በለንደኑ ሹፌር ወንበር ላይ ነው።

ዳሩ ግን ሰው ሁሉ «እንቅስቃሴ» ሲል ወዲያው ክብደት መቀነስን ስለሚያስብ፣ ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት ይገባል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ይዟል። ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 300 ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ካሎሪ ነው፤ ወጥ ላይ የሚጨመር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። ሦስት ማንኪያ ዘይት የአንድ ሰዓትን ላብ ይመልሳል ማለት ነው። እንግዲህ ክብደት በዋነኛነት የሚቀነሰው በገበታ ላይ ሲሆን፣ የእንቅስቃሴ ትልቁ ትሩፋት የተቀነሰው ተመልሶ እንዳይመጣ መጠበቅ፣ ጡንቻን ማቆየት፣ ልብን ማጽናትና ስኳርን በልክ መያዝ ነው። ይህን ሳያውቅ ጂም የተመዘገበ ሰው በወሩ መጨረሻ ሚዛን ላይ ወጥቶ ተስፋ ይቆርጣል፤ የጎደለው ግን ጥረት ሳይሆን የሒሳቡ ዕውቀት ነው።

በገበታ ረገድ የእኛ ሰው ከአባቶቹ የወረሰው ትልቅ ሀብት አለ፤ ይኸውም ጾም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ሲጠብቅ ከሥጋና ከቅቤ ይታቀባል፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑም በባሕርያቸው ለጤና የተስማሙ ናቸው። ነገር ግን በስደት አገር የጾሙ ወጥ በዘይት ሲዋኝ፣ እንጀራው በእንጀራ ላይ ሲነባበር፣ በየሺፍቱ መካከልም ስኳሩ የበዛ ለስላሳ ሲጨመርበት፣ ጾሙ ከፍስክ ያልተናነሰ ካሎሪ ይዞ ይቀርባል። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር እንዳለው ማስታወስ ብቻ ይበቃል። ከዚህም ሌላ በብዙ ካዚኖዎች ውስጥ ለሠራተኛ በነጻ የሚቀርበው ምግብ ገደብ የሌለው ፈተና ነው፤ የተጠበሰው፣ ኬኩና አይስክሬሙ ሁሉ ዋጋ የለውምና፣ የደከመ ሰው ኅሊናው ሲከራከር እጁ ቀድሞ ያነሣል። አስቀድሞ ከቤት የተቋጠረ ምሳ ይህን ክርክር ያስቀራል፤ የቅዳሜ ወይም የዕረፍት ቀን አንድ ሰዓት ለምስር፣ ለጎመንና ለዶሮ ማዘጋጃ ቢውል ሳምንቱን ይመግባል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ በቂና የሚጸና ፍጥነት ነው፤ ለዚህም በቀን 550 ካሎሪ ያህል ማጉደል ይጠይቃል፤ ይህም አንድ ለስላሳን፣ ሁለት ማንኪያ ዘይትንና ግማሽ እንጀራን በመተው የሚቀረብ ልክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን፤ ጊዜው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው የሚያዘው ምክር «ከሥራ ሲተርፍህ ተንቀሳቀስ» የሚል ነውና፣ የሚፈርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሥራ የሚተርፍ ጊዜ የለምና። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ መከልከሉን ከታወቀ ጊዜ ጋር ያስተሳሰረው፣ አበውም ጸሎትን በመዓልትና በሌሊት በሰባት ጊዜያት የከፈሉት፣ የሰው ፈቃድ ደካማ መሆኑን ስላወቁ ነው። ምእመኑ በየዕለቱ «ዛሬ ልጹም ወይስ አልጹም?» ብሎ አይማከርም፤ ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ነገሩ ተቆርጧል። እንቅስቃሴም በሠራተኛ ሕይወት ውስጥ የሚጸናው ከፈቃድ ወጥቶ ወደ ሥርዓት ሲገባ፣ ማለትም እንደ ሺፍቱ ሁሉ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሲቆረጥለት ነው።

ለዚህ አገራችን ከሰጠችው ምስክር የሚበልጥ አይገኝም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን ሲያስደንቅ፣ መደበኛ ሥራው የክቡር ዘበኛ ወታደርነት ነበር፤ አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ችሎታውን ያጎለመሰው በወታደር ቤት ሥርዓት ውስጥ ሳለ ነው። የታክሲ ሹፌር አበበ ቢቂላ ይሁን ማለታችን አይደለም፤ ሥራና ልምምድ በአንድ ሰው ቀን ውስጥ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት ሁለቱም ሰዓታቸው ሲታወቅ መሆኑን ለማስረዳት ነው እንጂ። ዛሬም በአዲስ አበባ፣ ፀሐይ ሳትወጣ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚሮጠውን ወጣትና ጎልማሳ የተመለከተ፣ አያሌው ከዚያ ቀጥሎ ወደ ሥራው እንደሚሄድ ይረዳል።

የሚያስፈልገው መጠን ደግሞ ሰው እንደሚፈራው ብዙ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ጋር በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ መክሯል። አንድ ጊዜ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ካልሆነ አይቆጠርም የሚለውንም የቀድሞ ገደብ ስላነሣ፣ የአምስት ደቂቃ ደረጃ መውጣት እንኳ ከሒሳብ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የስኳር በሽታ ስጋት ባለባቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስንና ከክብደት 7 ከመቶ መቀነስን ግብ ያደረገው ቡድን በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በ58 ከመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰደው ግን በ31 ከመቶ ብቻ መቀነሱን አሳይቷል። ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 ከመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም።

በሴንቴኒያል ሂልስ ይህን ሥርዓት ለመትከል የሚሻለው ድንበር ሥራና ቤት የሚገናኙበት ነው፤ ሰው አንዴ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ካወለቀ በኋላ መውጣቱ ብርቱ ትግል ነውና። 120 ኤከር ላይ የተንጣለለው የሴንቴኒያል ሂልስ መናፈሻ የእግር መንገድ ስላለው፣ ከሺፍት የሚመለስ ሰው መኪናውን እዚያ አቁሞ 30 ደቂቃ ተራምዶ ወደ ቤቱ ቢገባ፣ በአምስት ቀን 150 ደቂቃውን ሞላ። የአየሩ ጠባይ ግን መዘንጋት የለበትም፤ በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበርና፣ በበጋ የሚራመድ ሰው ወይ ጎሕ ሲቀድ፣ ወይም ጣሪያ ባለውና በቀዘቀዘ ስፍራ ሊያደርገው ግድ ነው። ለሌሊት ሠራተኛም በከተማው 24 ሰዓት የማይዘጉ ጂሞች መኖራቸው እፎይታ ነው።

ሹፌሩ በአየር ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ወርዶ በዙሪያው መመላለስና አሥር አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት ይችላል። ዲለሩ በዕረፍት ደቂቃዎቹ ወንበር ከመያዝ ይልቅ ደረጃ ቢወጣና ቢወርድ ለእርሱ ይሻለዋል። ክፍል የምታጸዳዋ እናት ግን ተጨማሪ ድካም ሳይሆን የሚያስፈልጋት በሳምንት ሁለት ቀን ወገብንና ጀርባን የሚያጠነክር የሃያ ደቂቃ ልምምድ፣ ከዚያም እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የረሃብ ስሜቱ እንደሚጨምርና ምርጫውም ወደ ጣፋጭ እንደሚያዘነብል በሳይንስ ተረጋግጧልና፣ ከሌሊት ሺፍት ለሚመለስ ሰው መጋረጃ ማጥቆርና ስልክ መዝጋት ራሱ የክብደት ሕክምና ክፍል ነው። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጾምንም ሆነ ብርቱ ልምምድን ከመጀመሩ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

በመጨረሻም ስለ መለኪያው እንናገር። ሚዛን በየዕለቱ የሚዋዥቅ ምስክር ነው፤ በአንድ ቀን ጨውና ውሃ ኪሎ ይጨምራል፣ ኪሎም ይቀንሳል፤ በእርሱ ላይ ተስፋውን የጣለ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይተዋል። ስለዚህ ለጀማሪ ሠራተኛ የሚበጀው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኪሎውን ሳይሆን ሰዓቱን መቁጠር፣ በሳምንቱ መጨረሻም «ስንት ቀነስሁ?» ከማለት ፈንታ «የቆረጥሁትን ሰዓት ስንቴ ጠበቅሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ነው። ሰዓቱን አምስት ቀን የጠበቀ ሰው በገበታውም ላይ ልጓም ካበጀ ኪሎው በጊዜው ይከተላል፤ ሰዓቱን ያልጠበቀ ግን ኪሎ ቢቀንስ እንኳ የቀነሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።