በሳምንት የተወደደ ቅባት

ከማንኩሳ ለገበያ የመጣች ወጣት፣ ተጨምቆ ያለቀ የክሬም ቱቦ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የመድኃኒት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና «ይኼንኑ ይስጡኝ፤ ሌላው አይስማማኝም» አለችኝ። ቱቦው ላይ የተጻፈው ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ ነው። ለማዲያት ብላ ከሱቅ ገዝታ ዓመት ያህል ጧትና ማታ ተቀብታዋለች። ጉንጮቿ ቀልተው ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፤ አገጯ ብጉር አውጥቷል፤ ጆሮ ግንዷ ሥር ቀድሞ ያልነበረ ፀጉር በቅሏል። አንድ ሰሞን ትታው ነበር፤ ፊቷ ሲቃጠልና ሲያብጥባት ተመለሰችበት። ጉዳቱ ከቅባቱ እንደመጣ የቻልኩትን ያህል አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና «ዶክተር፣ እኔ እኮ ሞክሬዋለሁ። ስቀባው ይሻለኛል፣ ስተወው ይብስብኛል። ታዲያ ጥፋተኛው እንዴት ቅባቱ ይሆናል?» አለችኝ። ባዶ ቱቦዋን መልሳ ቋጥራ ወጣች። ከሌላ ቦታ እንደምትገዛው አልተጠራጠርኩም።

ጥያቄዋ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም የተማረውም ሰው የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለችው መምህርትም፣ ከቡሬ የሚመጣው ነጋዴም ቅባትን የሚመዝኑት በአንድ መንገድ ነው፦ ገዝቶ መሞከር፣ ሳምንት ማየት፣ ፊት ካማረ መቀጠል። ከዚያም ለእህት፣ ለጎረቤት፣ ለሙሽራ ይነገራል። ይህን ፈተና ሰው እንዲተወው ስለፍልፍ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም እለፈልፋለሁ።

ሙከራ ዋጋ የለውም አላልኩም። ርካሽ ሊፕስቲክ ወይም ፓውደር የገዛ ሰው ቀለሙ ከመልኩ ጋር መሄዱን፣ በላብ መጥፋት አለመጥፋቱን በዚያው ቀን ያውቃል፤ ማታ ይታጠበዋል። እነዚህ ከቆዳ በላይ የሚቀመጡ ናቸው። እንደ ክሎቤታሶል ያለው ክሬም ግን ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ፣ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሲሆን፣ የሳምንት ሙከራ የሚያሳየው ወዲያው የሚያሳክክ ወይም የሚያቆጣ ነገር እንዳለው ብቻ ነው። ቆዳ መሳሳት በሳምንት መስተዋት ላይ አይታይም።

ጠንቃቃ የሚባሉት ደግሞ መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ ቀብተው ይጠብቃሉ። በ1967 እ.ኤ.አ. ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃይድሮኮርቲዞን በተለያየ የሰውነት ክፍል ምን ያህል እንደሚሰርግ ለክተው ነበር። ግንባር ከክንድ 6 እጥፍ፣ የመንጋጋ ማዕዘን 13 እጥፍ ያህል አሰረገ። ክንድ የቻለውን ፊት ይችለዋል ማለት አይቻልም። ይህ ልኬት የተሠራው ደግሞ በደካማው ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶል ከጠንካሮቹ ሁሉ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ አምራቾቹ ራሳቸው ከ2 ተከታታይ ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ፊት ላይም እንዳይቀባ ይጽፋሉ።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ስቴሮይድ የቆዳን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ቅላት ይጠፋል፣ ፊት ይገረጣል። መቆጣትን ያፍናል፤ ብጉሩ ይሟሽሻል፣ ማሳከኩ ይቆማል። ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ ማዲያቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማይስማማው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚያልፈው ፈተና መርዙን ከመድኃኒቱ አይለይም። ከሥር ግን ቆዳን አጽንቶ የሚይዘው ኮላጅን መመረቱ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ሥሮቹ ተገልጠው ይወጣሉ። ክሬሙ ሲቆም ለወራት ጠብበው የኖሩት ሥሮች በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ የታፈነው መቆጣትም አብሮ ይፈነዳል። ቃጠሎው ይኼ ነው። ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ራሱን ያመዋል፣ ሲጠጣ ይተወዋል፤ ራስ ምታቱን ያመጣው ልማዱ መሆኑ ለማንም አይጠፋም። ፊት ላይ ሲሆን ግን ይኸው ነገር የቅባቱ መልካምነት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብልኛል።

በጭርት ላይ ደግሞ ይከፋል። አንድ ልጅ ጭንቅላቱ ወይም አንገቱ ላይ ጭርት ሲወጣበት ያው ክሬም ይቀባል፤ ማሳከኩ ያርፋል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ፈንገሱ ግን የሚከለክለው ስላጣ ይሰፋል። ወደ እኛ ሲመጣ መልኩን ለውጦ ጤና ባለሙያውንም ያሳስታል። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያገኘው እንደሚችልም ማንም ሱቅ ላይ አይነግረውም።

«መድኃኒት ቤት የተሸጠ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚለውም አለ። ይህን የምለው ለሥራ ባልደረቦቼ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትንም የውበት መጠበቂያንም አንድ ላይ ይዟል፤ እኛ ግን መደርደሪያ ላይ ክሎቤታሶሉን ከሎሽኑ ጎን ስናስቀምጠው ለገዢው ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው ብለን ነግረነዋል። ሐኪም ለማዲያት ስቴሮይድ ያለበትን ድብልቅ ለጥቂት ሳምንታት የሚያዝበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ያለ ማዘዣ፣ ያለ ቀን ገደብ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያነጡት ክሬሞችም ቀላል አይደሉም፦ ደቡብ አፍሪካ ማንጫውን ሃይድሮኪኖን ከውበት ምርቶች ያገደችው የተጠቃሚዎቹን ቆዳ ካጠቆረ በኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ሜርኩሪ ያለባቸው ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ።

ርካሽ ነገር ፈልጎ የመጣን ሰው አልወቅስም። ነጭ ቫዝሊን ርካሽ ነው፤ ለደረቀ ቆዳ ከብዙ ውድ ክሬም ይሻላል። ለማዲያት የመጀመሪያው ነገር ፀሐይን መከላከል ነው። ፍኖተ ሰላም 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስትለቅም ለምትውል ሴት ሰፊ ባርኔጣ ከማንኛውም ቱቦ ይበልጥባታል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የገዛ ይቀባ፤ ያልቻለ ጃንጥላ ይያዝ። ማዲያቱ በእርግዝና ወይም በወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የመጣ ከሆነም በጤና ጣቢያ መነጋገር ይቻላል። ይህ ሁሉ ወራት ይፈልጋል፤ በሳምንት ውጤት የለመደ ሰው ትዕግሥት የሚያጣውም እዚህ ላይ ነው።

ክሬሙን ለወራት የተቀባ ሰው በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን ከማቋረጡ በፊት ሐኪም ይየው፤ ወደ ደካማ ስቴሮይድ ማውረድ ይሻል እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቃጠሎው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፣ ፊቱ እስኪረጋ ወራት ሊወስድ ይችላል። ጥር ላይ የምትዳር ልጅ ኅዳር ላይ ልተው ብትል ሰርጓን በቀላ ፊት ትውላለች፤ ማቆሙን ክረምቱ ሳይወጣ ትጀምረው። የምታጠባ እናት ደግሞ ጡቷና ደረቷ ላይ የተቀባችው ሕፃኑ ጉንጭና አፍ ላይ እንደሚደርስ ትወቅ። ወደ እኛ ስትመጡ ቱቦውን ብቻ ሳይሆን ካርቶኑንም ይዛችሁ ኑ፤ ብዙ ጊዜ የውስጡ ዝርዝር በሙሉ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።