ሊቲየም፣ ጸበልና የደም ልኬት፦ የባይፖላር ሕመም ሕክምና ተአማኒነት ከየት ይመጣል?

ባይፖላር ዲስኦርደር ተብሎ የሚጠራው የአእምሮ ሕመም የታማሚውን ስሜት፣ ጉልበት፣ እንቅልፍና የአስተሳሰብ ፍጥነት በየጊዜው ወደ ሁለት ተቃራኒ ጫፎች የሚገፋ ሲሆን፣ የከፍታው ጫፍ ማኒያ፣ የዝቅታው ጫፍ ደግሞ ድባቴ ይባላል። ማኒያ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚዘልቅ፣ ሰውየው ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም የማይሰማበት፣ ንግግሩ የሚጣደፍበት፣ ገንዘቡን የሚበትንበት፣ አንዳንዴም ልዩ ተልእኮ ወይም ሥልጣን እንደተሰጠው አጥብቆ የሚያምንበት ሁኔታ ነው። ድባቴው ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሲሆን፣ ፍላጎትን፣ ተስፋንና አንዳንዴም የመኖር ፈቃድን ያሳጣል። በሁለቱ መካከል ታማሚው ወደ ሥራውና ወደ ቤተሰቡ የሚመለስባቸው፣ ከወራት እስከ ዓመታት የሚረዝሙ የጤና ጊዜያት ይኖራሉ፤ ስለ ሕክምናው የሚነሳው ክርክር ያልተቋጨበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲለቅ፣ በዚያው ሰሞን የተሞከረ ማንኛውም ነገር፣ ክኒንም ይሁን ጸበል ወይም የሥር መድኃኒት፣ ፈዋሽ ሆኖ ይታያል።

ሕመሙ የከተሜ ወይም የባዕድ አገር ሰው ችግር ነው የሚለው ግምት በኢትዮጵያ ገጠር በተደረገ ጥናት ውድቅ ሆኗል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቡታጅራና በአካባቢው በተጀመረው ሰፊ የቤት ለቤት ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች የተጠየቁ ሲሆን፣ ሙሉ የማኒያ ወቅት የሚታይበት የመጀመሪያው ዓይነት ባይፖላር በሕይወት ዘመናቸው የያዛቸው ከወንዶች 0.6 በመቶ፣ ከሴቶች 0.3 በመቶ ያህል ሆነው ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹም የአእምሮ ሕክምና ጨርሶ ፈልገው የማያውቁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላርና ከባድ ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተለው ጥናት ያገኘው ይበልጥ ያሳስባል፤ የእነዚህ ሰዎች የሞት መጠን ከቀረው ሕዝብ ሁለት እጥፍ ሆኖ፣ የሞቱትም መኖር ከሚገባቸው ዕድሜ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ነው። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ በመሆኑ፣ ለአእምሮ ሕሙማን እውነተኛ ሕክምና ማለት የአእምሮ መድኃኒት ብቻ ነው የሚለውን አሳብ ይኸው አንድ ቁጥር ያፈርሰዋል።

ይህን ሕመም በተመለከተ ሕክምና እንዴት ተአማኒ እንደሚሆን ከሊቲየም ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሊቲየም ከድንጋይና ከጨዋማ ውኃ የሚገኝ፣ በኬሚካዊ ጠባዩ የገበታ ጨውን ከሚሠራው ሶዲየም ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ነው። በ1949 አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በሜልበርን አቅራቢያ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ ለአሥር የማኒያ ታማሚዎች ሊቲየም ሰጥቶ መሻሻላቸውን አሳተመ። ኬድ ወደዚህ የደረሰው ማኒያ በሽንት በሚወጣ መርዝ ይመጣል በሚል የተሳሳተ መላ ምት ተመርቶ ሲሆን፣ ሊቲየም የወጋቸው የሙከራ እንስሳት መፍዘዛቸውንም እንደ መረጋጋት ቆጥሮታል፤ ዛሬ ላይ ሲታይ ግን እንስሳቱ ተመርዘው እንደነበር መገመት ይቻላል። የመጀመሪያው ታማሚ ለዓመታት ከቆየበት ማኒያ ወጥቶ ወደ ቤቱ ቢመለስም፣ በ1950 በዚያው በሊቲየም መመረዝ ሞተ፤ ኬድም በሆስፒታሉ መድኃኒቱን መስጠት አቆመ። በዚያው በ1949 በአሜሪካ የሊቲየም ጨው ለልብ ሕሙማን የገበታ ጨው ምትክ ሆኖ ሲሸጥ ሰዎች በመሞታቸው ከገበያ ተወገደ። መድኃኒቱ በእርግጥ ይሠራ ነበር፤ በእርግጥም ይገድል ነበር።

ከዚህ ጣጣ ያወጣው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን ልኬት ነው። በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኤድዋርድ ትራውትነርና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በታማሚው ደም ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን መለካት እንደሚቻል አሳዩ፤ ሐኪሙም ስንት ክኒን እንደሰጠ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ውስጥ ምን ያህሉ በሰውነት ውስጥ እንዳለ ማወቅ ቻለ። በዴንማርክ ሞገንስ ሹ በ1954 ሊቲየምን ከማስመሰያ ክኒን ጋር አነጻጽሮ አሳተመ፤ ቆይቶም ከፖል ክሪስቲያን ባስትሩፕ ጋር መድኃኒቱ የያዘን ማኒያ ከማብረድ አልፎ ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል የሚል ማስረጃ አቀረበ። በለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል የነበሩት ማይክል ሼፐርድና ባሪ ብላክዌል ግን በ1968 ይህን መከላከያነት አፈ ታሪክ ከመሆን እንደማያልፍ አድርገው ተቹት፤ የሹ ወንድም በተደጋጋሚ ድባቴ ይሠቃይ የነበረና በሊቲየም የታከመ በመሆኑም ተመራማሪው ለመድኃኒቱ ያደላል የሚል ሐሜት ነበር። ተቺዎቹ በመደምደሚያቸው ቢሳሳቱም ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የዴንማርኩ ቡድን በሊቲየም ላይ የነበሩ 84 ሴቶችን በዕጣ ከፍሎ፣ ታማሚዋም ሐኪሙም ሳያውቁ ለገሚሶቹ ማስመሰያ ክኒን ሰጠ። በአምስት ወር ውስጥ ማስመሰያውን ከወሰዱት 39 ሴቶች 21ዱ ሲያገረሽባቸው፣ ሊቲየም ላይ ከቆዩት 45ቱ ግን አንዷም አላገረሸባትም። ይህ ውጤት በታተመበት በ1970 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሊቲየምን ለማኒያ ፈቀደ። በ2010 የታተመው ባላንስ የተባለው ሙከራም ሊቲየም ማገርሸትን በመከላከል ቫልፕሮኤት ከተባለው ሌላ ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት እንደሚሻል አሳይቷል።

ይህ ልኬት ዛሬም ለኢትዮጵያዊ ታማሚ የቅርብ ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ ሕክምና የሚፈለገው የደም መጠን ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል ሲሆን፣ ከ1.5 በላይ ሲደርስ መመረዝ ይጀምራል፤ በሚያክመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ኩላሊትና የአንገት እንቅርት ዕጢም በየስድስት ወሩ ገደማ ይመረመራሉ። ኩላሊት ሊቲየምን ከሶዲየም ለይቶ ስለማያውቀው፣ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ሶዲየሙን ለማዳን ሲል ሊቲየሙንም ወደ ደም ይመልሳል። ተቅማጥና ትውከት፣ የቆላ ሙቀት፣ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት፣ የረመዳን ጾም፣ ለራስ ምታት ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛ አይቡፕሮፌን፣ ለደም ግፊት የሚታዘዝ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ እነዚህ ሁሉ የታማሚው ክኒን ቁጥር ሳይጨምር የደሙን ሊቲየም ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። የመመረዙ ምልክቶች ጎላ ያለ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰርና ግራ መጋባት በመሆናቸው ለማያውቅ ሰው ስካር፣ ወይም የያዘው ክፉ መንፈስ መጮህ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ «መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ውሰድ» የሚለው ምክር ብቻውን ትክክለኛ መረጃ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገርን፣ ሲያስታውክና ሲያስቀምጥ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድን፣ ያለ ምክር የሕመም ማስታገሻ አለመግዛትን ያላካተተ ምክር ጎዶሎ ነው።

ሌላው የተሳሳተ መንገድ የሚጀምረው ከራሱ ከምርመራው ነው። አብዛኛው ታማሚ ወደ ሐኪም የሚመጣው በድባቴው ጊዜ ስለሆነና በማኒያው ወቅት የነበረውን ራሱ እንደ ሕመም ስለማይቆጥረው፣ ተራ ድባቴ ተብሎ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊታዘዝለት ይችላል፤ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች ደግሞ ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይታከልባቸው ሲሰጡ ታማሚውን ወደ ማኒያ ሊያሻግሩት ይችላሉ። በ2000 በአሜሪካ በታማሚዎች ማኅበር አማካይነት በተደረገ መጠይቅ 69 በመቶው በመጀመሪያ ሌላ ሕመም ነው ተብለው እንደነበር፣ ከሲሶ የሚበልጡትም ትክክለኛውን ስም እስኪያገኙ አሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እንደቆዩ ገልጸዋል። ሐኪም በበዛበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ላይ ያለ አንድ ነርስ «ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳይኖርህ ጉልበትህ የበዛበት፣ ዘመድ የፈራልህ ጊዜ ነበር?» ብሎ ታማሚውንም አስታማሚውንም ካልጠየቀ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። ቤተሰብ እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ ማኒያው ሊነሳ ሲል እንቅልፍ መቀነሱን ቀድማ የምታየው እናት ወይም ሚስት ናትና። ስለ እንቅልፍ ሲነሳ ጫትም መነሳት አለበት፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ በመሆኑ እንቅልፍን ይነሳል፣ ማኒያንም ሊቀሰቅስ ይችላል።

በኢትዮጵያ ክርክሩ ከሁሉ በላይ የሚሞቀው በጸበልና በሐኪም ቤት መካከል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ስሙ በከተማው ሰው አፍ ስድብ እስከመሆን በመድረሱ ብዙ ቤተሰብ ታማሚውን እዚያ ከማድረስ ይልቅ ወደ ጸበል መውሰድን ይመርጥ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ2003 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩና ምርጫው ለብዙው ሰው ምርጫም አልነበረም። ጸበሉ ጸሎትን፣ ከሰው ጋር መሆንን፣ ነውሩን የሚያቀል ማብራሪያንም ይሰጣል፤ የሚጎዳው ታማሚው ሲታሰር፣ ሲራብና መድኃኒቱን እንዲያቆም ሲነገረው ነው፤ በተለይም ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ የማገርሸት አደጋው በሚቀጥሉት ወራት ይበረታል። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ ቀደምት ምሳሌ አለ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጸበልንና ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ መክረዋል። ተመሳሳይ ቃል ለአእምሮ መድኃኒትም በየአጥቢያው ቢነገር ከብዙ በራሪ ወረቀት ይልቅ ይሰማል።

ሐሰተኛ ተስፋ ግን ከጸበል ስፍራ ብቻ አይመጣም። በአሜሪካ ሊቲየም ኦሮቴት የተባለው የሊቲየም ዓይነት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ምግብ ማሟያ የሚሸጥ ሲሆን፣ ከዘመድ ሻንጣ ወጥቶ በአገር ቤት እንደ መድኃኒት ሊወሰድ ይችላል፤ በሐኪም የሚታዘዘውን ሊቲየም ካርቦኔትን ያህል በጥንቃቄ ባለመፈተኑ ግን ምትኩ ነው ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ሊቲየም ሱስ ያሲዛል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ «ከዚህ በሽታ ፈጽሞ እናድናለን» የሚል ማንኛውም ሰው ደግሞ፣ ባለ ነጭ ገዋን ቢሆንም፣ ሕመሙ የሚያገረሽ መሆኑን ደብቋል።

እነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚገናኙት በገጠር በምትኖር፣ ለመውለድ በደረሰች ወጣት ሴት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ሊቲየም የላቦራቶሪ ክትትል በሌለበት እንዳይጀመር ያዛል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ የሊቲየምን የደም መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ በቀላሉ አይገኝም፤ መድኃኒቱም ራሱ እንደልብ አይገኝም። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያህል ከባድ የአካል ጉድለት ይዞ ሊወለድ፣ ከመቶው ከ30 እስከ 40 የሚሆኑትም የአእምሮ ዕድገት ችግር ሊገጥማቸው ስለሚችል፣ ድርጅቱ ለእርሷ እንዳይታዘዝ ያስጠነቅቃል። ካርባማዜፒን የተባለው ሌላው ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት የወሊድ መከላከያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ያዳክማል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪርንም በደም ውስጥ ይቀንሰዋል። የሚቀሩላት እንደ ሃሎፔሪዶልና ኦላንዛፒን ያሉት ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ማኒያን ማብረዳቸው ቢረጋገጥም የጡንቻ መገተርን ወይም የክብደት መጨመርን የሚያስከትሉ ናቸው። የደም ሶዲየምንና ፖታሲየምን ከሚለኩት ማሽኖች አንዳንዶቹ የሊቲየም መለኪያ የሚገጠምላቸው በመሆናቸው፣ ይህች ሴት ያጣችው ምርጫ ቢያንስ በዞን ሆስፒታል ደረጃ ሊመለስላት የሚችለው አዲስ መድኃኒት እስኪፈለሰፍ ተጠብቆ ሳይሆን፣ የመለኪያው መለዋወጫና የክኒኑ አቅርቦት በጤና በጀት ውስጥ አብረው ሲያዙ ነው።