አሮጌው ክኒን ለምን አሸነፈ?

ስቱዋርት ኮኖሊ ዕድሜያቸውን የልብ ምት መዛባትን ሲያጠኑ ያሳለፉ ካናዳዊ ሐኪም ናቸው። በኦንታሪዮው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሆነው የመሯቸው ታላላቅ ጥናቶች በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይዞራሉ፦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለበትን ሰው ከስትሮክ የሚታደገው የትኛው የደም ማቅጠኛ ነው?

በዚህ ሕመም የልብ የላይኛው ክፍሎች በሥርዓት መኮማተሩ ቀርቶባቸው ይርገበገባሉ። በግራ በኩል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተገንጥሎ አንጎል የደረሰ ዕለት፣ ትናንት ደህና የነበረው ሰው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል።

ለአሥርተ ዓመታት መከላከያው ዋርፋሪን ነበር። የመድኃኒቱ ታሪክ የሚጀምረው በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ በልተው ደማቸው አልቆም ብሎ ካለቁ ከብቶች ነው። የዊስኮንሲን ኬሚስቶች ጥፋተኛውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ከዚያ የተገኘው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 በአይጥ መርዝነት ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው ተፈቀደ። ይሠራል፣ ግን አመለኛ ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይፈሳል። ስለዚህ ታካሚው በየጊዜው እየተመላለሰ ደሙን ይሰጣል፤ አይኤንአር የሚባለው ውጤትም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ መገኘት አለበት። ጎመን እንኳ ጣልቃ ይገባል፤ በውስጡ የሞላው ቫይታሚን ኬ የክኒኑን ኃይል ያዳክማልና። በጾም ወቅት ጎመን ያዘወተረ ሰው ቁጥሩ ወርዶ ቢገኝ አይገርምም። ሐኪሞችም «ጎመን አትብሉ» ሳይሆን «መጠኑን አትለዋውጡ» የሚሉት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ባርሴሎና በተካሄደው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ ያበቃ መሰለ። ኮኖሊ በመሩት፣ በ44 አገሮች 18,113 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ዳቢጋትራን የተባለው አዲስ ክኒን በከፍተኛው መጠኑ ስትሮክን ከዋርፋሪን በተሻለ ተከላከለ። የአይኤንአር ክትትልም አያሻውም።

ነገር ግን ጥናቱ ከባድ የቫልቭ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አላካተተም። ለሰሜን አሜሪካ ይህ ቀላል ጉዳይ ነው። 15,400 የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ታካሚዎችን በመዘገበ ሌላ ጥናት፣ እዚያ የሩማቲክ የልብ ሕመም የተገኘባቸው 2.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአፍሪካ ግን 21.5 በመቶ ናቸው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው ይህ በሽታ ቫልቭ ያጠብባል፤ የጠበበው ቫልቭም የላይኛውን የልብ ክፍል ወጥሮ ምቱን ያዛባል። ኢትዮጵያ በተካተተችበት ሬመዲ በተባለው የ14 አገሮች ጥናት የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነበር። ደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው መካከል አይኤንአራቸው በሚፈለገው ልክ የተገኘው 28.3 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ አዲሱን ክኒን ከማንም በላይ የሚፈልጉት እነዚህ ነበሩ ማለት ነው።

ኮኖሊ ከኒው ዴልሂው ሐኪም ጋኔሳን ካርቲኬያን ጋር ሆነው የተረሱትን ታካሚዎች ይዘው ተነሡ። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ሕመምተኞችን አሰባስበው ሪቫሮክሳባን የተባለውን አዲስ ክኒን ከዋርፋሪንና ከመሰሎቹ ጋር አወዳደሩ። የተጠበቀው አዲሱ ቢያንስ ከአሮጌው እንደማያንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022፣ እዚያው ባርሴሎና፣ ውጤቱ ሲገለጥ በሪቫሮክሳባን በኩል 552፣ በአሮጌዎቹ በኩል 442 ሰዎች ሞተዋል። ከፍተኛ መድማት ላይ ግን የጎላ ልዩነት አልታየም።

ለምን? የሞቱ ልዩነት በአመዛኙ የመጣው ከስትሮክ ሳይሆን ከድንገተኛ የልብ ሞትና ከልብ ድካም መሆኑ ነገሩን አወሳስቦታል። አንዳንዶች ዋርፋሪን ወሳጁ ለደም ምርመራ በተመላለሰ ቁጥር ሐኪም ስለሚያየው ነው ይላሉ። ሚዛን የሚደፋ ግምት ይመስላል፤ ያም ሆኖ ጥናቱ ይህን ለይቶ አላረጋገጠም።

የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ለእነዚህ ታካሚዎች ዋርፋሪንን አጽንቷል። በሪቫሮክሳባኑ ጥናት ከተሳተፉት ከሰባ በመቶ በላይ ሴቶች ሲሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 50 አካባቢ ነበር። ሬመዲ ያገኛቸው ግን ገና የሚወልዱ ናቸው፤ ዋርፋሪን ደግሞ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንሱን ይጎዳል። ስለዚህ ያረገዘችው ሴት ለነዚያ ሳምንታት ወደ ሄፓሪን መርፌ እንድትዞር ይደረጋል፤ መርፌው በየቀኑ ነው፣ እሱም የራሱን ክትትል ይጠይቃል።