ሉፕ የማይመጥንበት ቦታ፦ ኳዚግሩፕና የማረጋገጫ አኃዝ

ኳዚግሩፕ፣ በ«ሀ*ለ=ሐ» ውስጥ ሁለቱ ሲታወቁ ሦስተኛው በአንድ መንገድ ብቻ የሚወሰንበት የስሌት ሥርዓት ነው፤ ሰንጠረዡም የላቲን ካሬ ይሆናል። ቅንፍን ማዛወር ውጤትን አይለውጥም የሚለው ሕግ አይጠየቅበትም። ሌሎቹን አባላት ሳይለውጥ የሚተው ገለልተኛ አባል ሲኖረው ሉፕ ይባላል።

የሒሳብ ወይም የመታወቂያ ቁጥር ሲገለበጥ ከሚበዙት ስሕተቶች ሁለቱ፣ የአንድ አኃዝ መለወጥና የጎረቤት አኃዞች ቦታ መለዋወጥ ናቸው። ከ0 ተነሥተን አኃዞቹን በተራ በባለ10 አባላት ኳዚግሩፕ ብናሰላ፣ የፊተኛውን ስሕተት የላቲን ካሬነቱ ብቻውን ያጋልጠዋል። የኋለኛውን ለመያዝ ግን «(መ*ሀ)*ለ=(መ*ለ)*ሀ» የሚጸናው ሀ=ለ ሲሆን ብቻ መሆን አለበት። ሉፕ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ በመ እና በለ ቦታ ገለልተኛውን አባል ብንተካ እኩልነቱ ለማንኛውም ሀ ይጸናልና። ግሩፕም ሉፕ ስለሆነ አያመልጥም፤ ፌርሁፍ እ.ኤ.አ. በ1969 በዲሄድራል ግሩፕ ሲሠራ አኃዞቹን እንደየቦታቸው የሚያፈራርቅ ደንብ መጨመር ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ኤከርና ፖክ በ1986 የአባላቱ ብዛት ለ4 ሲካፈል 2 የሚተርፈው ከሆነ (10ም ከዚሁ ይመደባል) እንዲህ ያለ ኳዚግሩፕ አይገኝም ብለው ገምተው ነበር። ዳም በ2004 በዶክትሬት ጥናቱ ባለ10 አባላት ሰንጠረዥ ሠርቶ ግምቱን አፈረሰ፤ በ2007ም ከ2 እና ከ6 በቀር ለሁሉም ብዛት እንደሚገኝ አረጋገጠ። በሥራ ላይ የሚውለው ሰንጠረዥ ሰያፍ መሥመሩ በሙሉ 0 በመሆኑ፣ የስሌቱ የመጨረሻ ውጤት ራሱ የማረጋገጫ አኃዝ ሆኖ ከቁጥሩ ኋላ ይጻፋል።